ሎሌው ሞተር
(ስለ ሰርቮ ታሪክና ስለ ወደቀችው ሄሊኮፕተራችን)

ነገሩን ከመጨረሻው እንጀምረው። ስድስት ወር ሙሉ የለፋንባት፣ ከየኪሳችን ሳንቲም እያዋጣን የገጣጠምናት ሞዴል ሄሊኮፕተር የበረረችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ እንዳለች ጭራዋን እንደ ውሻ ትቆላ ጀመር። ሳቅን። አወረድናትና ጭራውን የሚጠብቀውን ጃይሮ ስሜቱን ቀነስንለት፤ መቁላቷም ቆመ። በሁለተኛው ቀን ከጎን ነፋስ መጣ። ጭራዋ ዞረ፤ መልሶ የሚይዘው ጠፋ፤ ሁለት ጊዜ ተሽከረከረችና መሬት ላይ ተከሰከሰች። በዚህን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ጥፋተኛ ለመፈለግ ሩቅ አልሄድንም። ሪሞቱን የያዘው ጓደኛችን እዚያው አጠገባችን ቆሟል። «እጅህ ከባድ ነው» አልነው። «ዘገየህ» አልነው። እሱም መልስ አልሰጠንም። ሪሞቱን ሳሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ወርክሾፑ ብቅ አላለም።

ታዲያ ስብርባሪውን ስንፈታ አንድ ነገር አገኘን፤ በጭራው ላይ የተከልነውን ሰርቮ። ሰርቮ ማለት ከራዲዮው ትእዛዝ እየተቀበለ የሄሊኮፕተሯን መሪ ክፍሎች የሚገፋና የሚጎትት፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ ነው። ስንገዛው የተመለከትነው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ጉልበቱን። «12 ኪሎ ይጎትታል!» ብለን ተደሰትን። ከጎኑ ሌላ ቁጥር ተጽፎ እንደነበረ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ያ ሁለተኛ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ፣ ወደ እንፋሎት መርከቦች ዘመን መሄድ አስፈለገን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጉዞ ውጤት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

፩. መርከቢቱና ሎሌዋ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመርከብ ሠሪዎችን አንድ ችግር ገጠማቸው። መርከቡ ከሸራ ወደ እንፋሎት፣ ከእንጨት ወደ ብረት ተሸጋገረ፤ አካሉም ከዓመት ዓመት እያደገ ሄደ። መሪው ግን ያው የጥንቱ መሪ ነበር፤ በገመድና በሰንሰለት አድርጎ በሰው ክንድ የሚዞር። ማዕበል ሲነሣ ብዙ መርከበኛ በአንድ መሪ ላይ ይረባረብ ነበር። በ1858 ባሕር ላይ የወረደችው የብሩኔል መርከብ ግሬት ኢስተርን ደግሞ 211 ሜትር ርዝመት ነበራት። ይህን ያህል ተራራ በክንድ ብቻ ማዞር እንዴት ይሆናል?

መልስ ካመጡት ሰዎች አንዱ ጆን ማክፋርሌን ግሬይ የተባለው መሐንዲስ ነው። መሪውን የሚያዞር የእንፋሎት ሞተር መትከል ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ሞተር ብርቱ ነው፤ ግን ዕውር ነው። ዙር ካሉት ይዞራል፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት አያውቅም። ግሬይ በ1866 ፓተንት ያወጣለትና በግሬት ኢስተርን ላይ የተተከለው መሣሪያ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። መርከበኛው ትንሿን ጎማ ሲያዞር የእንፋሎቱ በር ይከፈታል፤ ሞተሩም መሪውን ያዞራል፤ መሪው በዞረ መጠን ደግሞ ያንኑ በር መልሶ እየዘጋ ይመጣል። መሪው ከታዘዘበት ቦታ ሲደርስ በሩ ጥርቅም ይላል፤ ሞተሩም ይቆማል።

መኪና ወደ ኋላ ሲገባ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ይል የለ? ጉልበቱ የመኪናው ነው፤ የቀረውን ርቀት የሚለካው ግን ረዳቱ ነው። የግሬይ መሣሪያ መኪናውንና ረዳቱን በአንድ አካል ያዋሐደ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በዚያው ዘመን በፈረንሳይ አገር ዮሴፍ ፋርኮ የተባለ መሐንዲስ በተመሳሳይ ሥራ ተጠምዶ ነበር። በ1873 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰርቮ-ሞተር ወይም ሎሌ የተደረገ ሞተር» በሚል ትርጉም በሚሰጥ አርእስት ሰየመው። ሰርቮ የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ ሎሌ፣ ባሪያ ማለት ነው። ስሙን ልብ እንበለው። ፋርኮ ጉልበተኛ ሞተር አላለውም፤ ሎሌ ነው ያለው። የሎሌ ዋጋ ደግሞ በጡንቻው ብቻ አይለካም። ጌታው ካሰበበት ቦታ በትክክል መድረሱ፣ በሰዓቱ መድረሱ፣ ከደረሰ በኋላም አለመነቃነቁ ይቆጠራል። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ የረሳነውን ነገር ፋርኮ ገና ስሙን ሲያወጣለት ነግሮን ነበር ማለት ነው።

፪. የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች

ራሱን በራሱ የሚያርም መሣሪያ ግን አንድ አመል አለው። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተሮቹ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ያሉበት የፍጥነት መቆጣጠሪያ ተከለ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ተበትነው እንፋሎቱን ይቀንሳሉ፤ ሲዘገይ ተሰብስበው ይለቁታል። ድንቅ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ሞተር በዚህ መቆጣጠሪያ ምክንያት ጭራሽ ዕረፍት ያጣ ነበር። ይፈጥናል፤ መቆጣጠሪያው ዘግይቶ ደርሶ ከልክ በላይ ይቀንስለታል፤ ይዘገያል፤ አሁንም ዘግይቶ ደርሶ ከልክ በላይ ይለቅለታል። እንዲህ እየተወዛወዘ ይውላል። የሰማይ መመልከቻ መነጽርን በእኩል ፍጥነት ለማዞር ይህንኑ መቆጣጠሪያ የሞከረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤይሪ በ1840 አካባቢ በዚሁ መወዛወዝ ተቸግሮ ጽፎበታል።

በ1868 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ስለ መቆጣጠሪያዎች ባቀረበው ጽሑፍ ነገሩን ወደ ሒሳብ አመጣው። መወዛወዙ እየሞተ የሚሄደው መቼ ነው? እያደገ ሄዶ ማሽኑን የሚያናውጠውስ መቼ ነው? ይህን በቀመር ለየው። ከዚያ ቀመር ውስጥ ለእኛ የሚበቃንን ቁምነገር በተራ ቋንቋ እናስቀምጠው፦ ዘግይቶ የሚደርስ እርማት፣ ብርቱ በሆነ መጠን ጥፋትን ያባብሳል። የሚያርም ሁሉ አያድንም። ዘግይቶ ደርሶ በኃይል የሚገፋ ሎሌ ጌታውን ከገደል ይከተዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በ1922 ኒኮላስ ሚኖርስኪ የተባለ በትውልዱ ሩሲያዊ የሆነ መሐንዲስ መርከብን ስለሚመራ ሰው የጻፈው ጥናት መልሱን ይሰጠናል። ጎበዝ መሪ ያዥ የሚያየው መርከቧ ከመንገዷ ምን ያህል እንደወጣች ብቻ አይደለም። በምን ፍጥነት እየወጣች እንደሆነ ያያል፤ ስሕተቱ ለስንት ጊዜ ሲጠራቀም እንደቆየም ያስባል። ጎበዝ ቡና ቀጂም እንዲሁ ናት፤ ጀበናዋን የምታቀናው ሲኒው ሞልቶ ሲፈስስ አይደለም፤ ሊሞላ ሲል ነው። ሚኖርስኪ ይህን የሰው ብልሃት በመሣሪያ ተክቶ ኒው ሜክሲኮ በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ሞከረው። በ1934 ደግሞ ሃሮልድ ሄዘን የሰርቮን ንድፈ ሐሳብ በአንድ ጥናት ሰብስቦ አቀረበ። ዕውቀቱ ከዚያ ወዲህ የመርከብ ብቻ መሆኑ ቀረ።

፫. ያለ ሽቦ የሚሄድ ትእዛዝ

እስከዚህ ድረስ ጌታውና ሎሌው በአንድ መርከብ ላይ ነበሩ። ሁለቱን የለያያቸው ኒኮላ ቴስላ ነው። በ1898 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ትንሽ ጀልባ ለቀቀ፤ ማንም ሳይነካት በራዲዮ ሞገድ አዘዛት። ተመልካቹ አስማት መሰለው።

የቴስላ ጀልባ ግን እንደዛሬው ሰርቮ ‹ይህን ያህል ዙር› የሚባል ትእዛዝ አታውቅም ነበር። ምልክት በመጣ ቁጥር መሣሪያው አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ትእዛዞቹም በተራ ይመጣሉ። ይህ አሠራር ወደ ሞዴል አውሮፕላኖችም ተሻገረ። በ1937 በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት መንታ ወንድማማቾቹ ዋልተርና ዊልያም ጉድ ጉፍ ያሏትን ሞዴል አውሮፕላን በራዲዮ አበረሩ፤ ጉፍ በኋላ በስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ቤተ መዘክር ቦታ አግኝታለች። በዚያን ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ የሞዴል አውሮፕላን መሪ የሚዞረው በተጠመዘዘ ላስቲክ ነበር። ምልክት ሲመጣ አንዲት ትንሽ መቆለፊያ ትለቀዋለች፤ ላስቲኩ መሪውን ቀኝ ያደርጋል። ሁለተኛ ምልክት ሲመጣ ይመልሰዋል፤ ሦስተኛው ግራ ያደርጋል። ቀኝ ወይም ግራ ነው፤ መካከለኛ የለም። አብራሪው ባለፈው ጊዜ ምን እንዳዘዘ ካልያዘ ደግሞ ጉድ ፈላ!

አውሮፕላን ይህን ይችለዋል፤ ክንፉ ራሱ ሚዛን ይጠብቃልና። አብራሪው እጁን ቢያነሣም ጥቂት ይሄዳል። ሄሊኮፕተር ግን አንዲት ሰከንድ ታህል እንኳ አይምርም። ስለዚህ ሞዴል ሄሊኮፕተር ሌላ ዓይነት ሎሌ እስኪወለድ መጠበቅ ነበረበት።

ይህ ሎሌ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ መልኩን ያዘ። በውስጡ አራት ነገር አለ፤ ትንሽ ሞተር፣ ፍጥነትን ወደ ጉልበት የሚለውጥ የጥርሶች ሰንሰለት፣ ክንዱ የት እንዳለ የሚናገር ፖቴንሽዮሜትር፣ ትእዛዝን ከእውነቱ ጋር የሚያስተያይ ኤሌክትሮኒክ ወረዳ። ራዲዮው በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ምቱ 1.5 ሚሊሰከንድ ከቆየ «መካከል ላይ ቁም» ማለት ነው፤ ወደ 1 ካጠረ ወደ አንዱ ጎን፣ ወደ 2 ከረዘመ ወደ ሌላው ጎን። በመካከሉ ያለው ሁሉ በመጠኑ። ወረዳው «የታዘዝሁት የት ነው? ያለሁትስ የት ነው?» እያለ ልዩነቱን ያሰላል፤ ልዩነቱ እስኪጠፋ ሞተሩን ይነዳል። አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ የግሬይ የእንፋሎት በር ነው፤ በኪስ የሚያዝ ሆነ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

፬. ከሞዴል የተማሩ ሰዎች

ሄሊኮፕተር ለምን እንዲህ አስቸጋሪ ሆነ? ሮተሩ ክንፍም መሪም ስለሆነ ነው። ለመውጣት የሁሉም ክንፎች ዘንበል ባንድነት መጨመር አለበት። ወደ ፊት ለመሄድ ደግሞ እያንዳንዱ ክንፍ በየዙሩ አንዱ ጎን ላይ ዘንበሉን መጨመር፣ በሌላው ጎን መቀነስ አለበት። ሩሲያዊው ቦሪስ ዩሪዬቭ በ1911 ለዚህ የሚሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ይኸውም በሮተሩ ዘንግ ላይ የተሰካ ዘንበል የሚል ሰሃን ነው። ሰሃኑ ቀጥ ብሎ ሲነሣ ሁሉም ክንፍ ባንድነት ይለወጣል፤ ሲያዘነብል በየዙሩ ይለወጣል። ዛሬ በሞዴሎቻችን ላይ ሰርቮዎች የሚገፉት ይህንኑ ሰሃን ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለው ታሪክ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ትልልቆቹ ብዙ የተማሩት ከሞዴል ነው። እስፓኛዊው ሁዋን ዴ ላ ሲየርቫ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሠራቸው ነጻ ሮተር ያላቸው አውሮፕላኖች ወደ ጎን እየተገለበጡ አስቸገሩት። ትንሿ ሞዴሉ ግን በደንብ ትበር ነበር። ምን ለያቸው? የሞዴሏ ክንፎች ከሚለመጥ ሸንበቆ መሰል እንጨት የተሠሩ ነበሩ። ሲየርቫ ይህን ሲገነዘብ የትልቁን ክንፎች በማጠፊያ አሰራቸው፤ በጥር ወር 1923ም በማድሪድ አጠገብ በጌታፌ ተሳክቶለት በረረ።

አሜሪካዊው አርተር ያንግም እንዲሁ ነው። በፔንሲልቫንያ በአንድ ጎተራ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚዞሩ ትናንሽ ሄሊኮፕተሮችን እየሠራ፣ እየሰበረ፣ እንደገና እየሠራ ዓመታት አሳለፈ። በመጨረሻም ከሮተሩ ጋር የሚዞር፣ ጫፎቹ ክብደት ያላቸው ዘንግ ጨመረበት፤ ሞዴሏም አንድ ቦታ ላይ ረግታ ቆመች። በ1941 ይህችኑ ሞዴል ለቤል ኩባንያ አሳየ፤ በመጋቢት 1946 ደግሞ ከሥራው የተገኘችው ቤል 47 ለሲቪል አገልግሎት የመጀመሪያውን የሄሊኮፕተር የምስክር ወረቀት አገኘች። ስኮርስኪ እንኳ በመስከረም 1939 ቪኤስ-300ን ከመሬት ካነሣ በኋላ መሪውን እስኪያስተካክል ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ከያንግ በኋላ የመጡት ስታንሊ ሂለርና ቻርልስ ካማን ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባሉ። ሁለቱም «ከባዱን ክንፍ አብራሪው ለምን በራሱ ጉልበት ያዞረዋል?» ብለው ጠየቁ። ሂለር በዘንጉ ጫፍ ላይ ሁለት ትናንሽ መቅዘፊያዎች አደረገ። አብራሪው የሚያዞረው መቅዘፊያዎቹን ነው፤ እነሱ በነፋስ ኃይል ትልቁን ሮተር ያዘነብሉታል። ካማን ደግሞ በየክንፉ ላይ ትንሽ ተጨማሪ ክንፍ ለጠፈ፤ በ1947 በበረረችው ሄሊኮፕተሩ ላይ ትንሿ ክንፍ ነፋሱን ተጠቅማ ትልቁን ክንፍ ትጠመዝዘዋለች። ነፋሱ ራሱ ሎሌ ሆነ! የሂለር መቅዘፊያም የካማን ትንሽ ክንፍም በሙያው ቋንቋ እስከ ዛሬ ሰርቮ የሚለውን ስም ይዘዋል።

፭. ትንሽ ነገር ለምን ትቸኩላለች

ሞዴል ሄሊኮፕተርን በራዲዮ እያዘዙ በአስተማማኝ ሁኔታ ለማብረር የበቃው ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ። ከእሱ በፊት ብዙዎች ሞክረው ሰብረዋል። ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድን ነገር በሁሉም አቅጣጫ በግማሽ ብናሳንሰው ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ መዞርን የሚቃወምበት ዳተኝነቱ ግን ወደ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ይወርዳል። ትልቅ ሄሊኮፕተር እንደ በሬ ነው፤ ለመዞር ያስባል። ሞዴል ግን እንደ ዝንብ ናት። ሰው ስሕተቱን አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ እሷ ተገልብጣለች።

ሽሉተር የሂለርን መቅዘፊያ ወሰደ። መቅዘፊያው ሞዴሏን ያረጋጋል፤ የክንፎቹን ሸክም ስለሚሸከምም በዚያን ዘመን ደካማ የነበረውን ሰርቮ ያግዘዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሞዴሉ በሳጥን ተዘጋጅቶ ለሽያጭ ሲቀርብ ሄሊኮፕተር ማብረር ከጥቂት ሰዎች እጅ ወጣ።

ጭራው ግን ዕዳ ሆኖ ቀረ። ሮተሩ ወደ አንድ ጎን ሲዞር አካሉ ወደ ሌላው መዞር ይፈልጋል፤ ጭራው ላይ ያለው ትንሽ ሮተር ይህን ይከለክላል። ሞተሩ ኃይል በጨመረ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የጭራው ሥራ ይለወጣል። እዚህ ላይ ሌላ የቆየ ዘመድ ለእርዳታ መጣ፤ ጃይሮስኮፕ። በሰኔ 1914 ሎውረንስ ስፔሪ በፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ እየበረረ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ረዳቱ ክንፉ ላይ ወጥቶ ቆሞ፣ አውሮፕላኑ ራሱን በራሱ ሲያስተካክል ሕዝቡ አይቷል። ጃይሮው መዛባቱን ያሸታል፤ ሰርቮው ያርማል። ይኸው ሐሳብ በትንሹ ተሠርቶ በሞዴል ጭራ ላይ ተተከለ። በ1990ዎቹ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ጃይሮ መጣ፤ ጭራው የተቀመጠበትን አቅጣጫ ይዞ የሚጠብቀውም ዓይነት ተጨመረ። በ2000ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ኤሌክትሮኒክሱ የሂለርን መቅዘፊያ ጭምር ከሮተሩ ላይ አስወገደው። ይህን አንርሳ፤ መቅዘፊያው ሲሄድ ይሸከመው የነበረው ጭነት ሁሉ በሰርቮው ላይ ወደቀ።

፮. እንግዲህ ሰርቮ ሲመረጥ

ታሪኩን እዚህ ካደረስነው ወደ ሱቁ መደርደሪያ እንመለስ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ የቆየ ችግር መልስ ነው።

ጉልበት። በኪሎ ግራም-ሴንቲሜትር ይለካል። 12 ማለት 1 ሴንቲሜትር በሆነ ክንድ 12 ኪሎ፣ 2 ሴንቲሜትር በሆነ ክንድ 6 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ክንዱን ማስረዘም ጉልበትን መሸጥ ነው። ይህ የግሬት ኢስተርን ጥያቄ ነው፤ ከባዱን ማን ያዞረዋል?

ፍጥነት። ክንዱ 60 ዲግሪ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ይህ የማክስዌል ጥያቄ ነው፤ እርማቱ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ? ሮተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ቢዞር፣ ሰርቮው በ0.10 ሰከንድ 60 ዲግሪ ሲሄድ ሮተሩ ከሦስት ዙር በላይ ሄዷል።

ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። በአንድ ሞተር ላይ ጥርሱን ለጉልበት ብለን ብንለውጠው፣ ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ደግሞም ልብ በሉ፤ የተጻፈው ጉልበት ሰርቮው ቆሞ ሲታገል የተለካ ነው፤ የተጻፈው ፍጥነት ምንም ሳይሸከም የተለካ ነው። በበረራ ላይ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይሰጠንም። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ትርፍ ይዞ መግዛት ነው።

አሁን ሥራውን እንከፋፍል። ዘንባዩን ሰሃን የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰርቮዎች ናቸው፤ በክብ ዙሪያ በ120 ዲግሪ ይራራቃሉ። ሦስቱም ባንድነት ሲነሡ ሄሊኮፕተሯ ትወጣለች፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲወርድ ታዘነብላለች። ስለዚህ ሦስቱ የአንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዱ ቢዘገይ ለመውጣት ብቻ የታዘዘችው ሄሊኮፕተር ወደ ጎንም ትሄዳለች። በሬ ሲጠመድ አቻውን ይፈልጋል፤ ይህም ያው ነው። የክንፏ ርዝመት 60 ሴንቲሜትር ለሆነና መቅዘፊያ ለሌላት ሞዴል 10 ኪሎ ግራም-ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ፣ ፍጥነቱም 0.10 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ መፈለግ ተገቢ ነው። ክንፏ 32 ሴንቲሜትር ያህል ለሆነች ትንሽ ሞዴል ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም-ሴንቲሜትር ይበቃል። ጥርሱ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን እያረጀ ሲሄድ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራልና በእጅ እየነቀነቁ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሰርቮው ወደ መካከሉ እንዲመለስ ሲታዘዝ ሁልጊዜ እኩል መመለሱም ይታይ። በሄደ ቁጥር ሌላ ቦታ የሚቆም ሎሌ ጉልበቱ ምን ያደርጋል?

ጭራው ሌላ ነው። ጭራው ላይ ያለው ሮተር ትንሽ ነው፤ ሸክሙም ቀላል ነው። የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፤ 0.05 ወይም 0.06 ሰከንድ። ጃይሮው በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ያዝዛል፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ሰርቮም እንዲህ ላለው ጥድፊያ የተሠራ መሆን አለበት። በሰከንድ 50 ምት ለመቀበል የተሠራውን አሮጌ ዓይነት ሰርቮ በ333 ምት ብናጣድፈው ይቃጠላል። አንዳንድ የጭራ ሰርቮ ደግሞ መካከሉ 1520 ሳይሆን 760 ማይክሮሰከንድ ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ማገናኘት ሰርቮውን መግደል ነው።

በነዳጅ የሚሄድ ሞዴል ላይ የሞተሩን ኃይል የሚጨምርና የሚቀንሰው ሰርቮ ተራ ቢሆን አይጎዳም፤ በኤሌክትሪክ በሚሄደው ላይ ጭራሽ የለም። ባትሪው ግን አይረሳ። ሁሉም ሰርቮዎች ባንድ ጊዜ ሲታገሉ የሚስቡት ኮረንት ብዙ ነው፤ ምንጩ ካልቻለ ራዲዮው ራሱ በአየር ላይ ይጠፋል። ያን ጊዜ ጌታም ሎሌም የለም።

፯. ለጓደኛችን

የእኛን ሰርቮ ሁለተኛ ቁጥር ከስብርባሪው ላይ አነበብነው፤ 0.20 ሰከንድ ነበር። ለጭራ ከሚያስፈልገው ከሦስት እጥፍ በላይ የዘገየ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን መቁላት አሁን ገባን። ጃይሮው «ወደ ቀኝ ሄደ፣ መልስ!» ይላል፤ ሎሌው ዘግይቶ ደርሶ በኃይል ይገፋል፤ ጭራው ቀድሞ አልፏልና ወደ ግራ ይወረወራል፤ እንደገና እንዲሁ። የዋት ኳሶችና የኤይሪ መነጽር የታመሙት በሽታ ነው። የጃይሮውን ስሜት ስንቀንስ መቁላቱ ቆመ፤ ጭራውን የመያዝ አቅሙም አብሮ ቀነሰ። ነፋሱ ሲመጣ የሚይዝ አልነበረም። ስሜቱን ብንጨምር ትቆላለች፤ ብንቀንስ ትዞራለች። በዚያ ሰርቮ መካከለኛ መንገድ አልነበራትም።

እንግዲህ በዚያን ቀን ሪሞቱን ማን ቢይዝ ያድናት ነበር? ሰው አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ በትንሹ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ሎሌውም በራሱ ሌላ አንድ አምስተኛ ይጨምራል። በሰከንድ አንድ ሙሉ ዙር የምትዞር ሞዴል በዚህ ሁሉ መካከል 144 ዲግሪ ዞራለች። የጓደኛችን እጅ አልከበደም። የከበደው እኛ ለጉልበቱ ብለን የመረጥነው ሎሌ ነው። መርጠን የገዛነውም ሁላችን ነን፤ ገንዘቡን ስናዋጣ አንድ ሆነን ጥፋቱን ስንከፍል ለአንድ ሰው ሰጠነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው። እኛ መጀመሪያ ጠምጥመን በኋላ ተማርን፤ ይህንንም ሳንደብቅ እዚህ ጽፈነዋል። አዲስ የጭራ ሰርቮ ለመግዛት መዋጮ ጀምረናል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ቁጥር አንብበን ነው የምንገዛው። ክፈፏ ተቃንቷል፤ ክንፎቿ ተለውጠዋል።

ጓደኛችን ይህን መጽሔት እንደሚያነብ እናውቃለን። ሪሞቱ ከሳሩ ላይ ተነሥቶ ወርክሾፑ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እስካሁን ሌላ ሰው አልያዘውም፤ አንተ እስክትመጣ ድረስም አይይዘውም።